የጋሽ ጥላዬ ማጣሪያ

ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ያደረበትን ሕልም ረስቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ ጋሽ ጥላዬ ሕልም አዩ። ያዩትም አልጋቸው ላይ ሆነው አይደለም። ሞተሯ በተነሣ መኪናቸው ውስጥ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ፣ ከግቢያቸው አንድ ክንድ እንኳ ሳይነቃነቁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጋሽ ጥላዬ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ አንዲት ብርማ ቀለም ያላት ባለናፍጣ መኪና ገዙ። ዘመናዊ ናት። በር ሳይዘጋ ሲቀር ትጮሃለች፣ ቀበቶ ሳይታሰር ሲቀር ትጮሃለች፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ድመት ካየች ትጮሃለች። በሰፈራችን እንደ እሷ የተጠበቀ ፍጥረት የለም። ጠዋት ጠዋት ሸራዋ ይገለጣል፣ ሞተሯ ይነሣል፣ እዚያው ቆማ አሥር ደቂቃ ትሞቃለች፣ ትጠፋለች፣ ትወለወላለች፣ ሸራዋን መልሳ ትለብሳለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሠርግ ሲኖር ሙሽራ አጅባ፣ ለቅሶ ሲኖር ቀባሪ ተከትላ በሁለተኛ ማርሽ ትንፏቀቃለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ከቃሊቲ አልፋ አታውቅም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ «እስቲ አዳማ ሄደን እህቴን ጠይቀን እንምጣ» ባሉ ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ትረፍ እንጂ! አሁን እኮ ነው ከለቅሶ የመጣችው።»

ባለፈው ሳምንት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ጋሽ ጥላዬ መብራቱን በጨርቅ ወለወሉት፤ አልጠፋም። መካኒኩ ሸምሱ ተጠራና መጣ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ሥር አጎንብሶ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ናፍጣ ሲቃጠል ጥቀርሻ አለው» አለ። «የድሮ መኪና ጥቀርሻውን ሰው ፊት ላይ ይለቀው ነበር። ይቺ ጨዋ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ማጣሪያ አላት፣ እዚያ ታጠራቅመዋለች። ሲሞላባት ራሷ አግላ ታቃጥለዋለች። ግን ቆማ አይሆንላትም። ሠላሳ ደቂቃ ሳትቆም መሮጥ አለባት።»

«ጠዋት ጠዋት አሞቃት የለም እንዴ?»

«እሱ እኮ ነው የገደላት! ለመሆኑ አንዳንዴ ማራገቢያው ጮኾ የመቃጠል ሽታ አልመጣም?»

«መጥቷል። ሦስት ጊዜ። ወዲያው አጠፋኋት።»

ሸምሱ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ማጽዳት ጀምራ እኮ ነው! ልትገላገል ስትል ነው ያጠፏት። አሁን መብራቱ ቀይ ሳይሆን ፈጣን መንገድ ያውጧት። ቀይ ከሆነ ግን ሩጫም አያድናት። ማጣሪያውን ቆርጬ በቦታው ባዶ ቱቦ እበይድበታለሁ፤ ጭሱም የፈለገበት ይሂድ።»

ወይዘሮ እቴነሽ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ፈጣን መንገድ» የሚለውን ብቻ ነው። አንጀታቸው ራሰ። እህታቸው እትዬ ውድነሽ አዳማ ላይ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ለትናንት ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ ፋሻው የሚፈታው ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። «ዓይኔ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ይሁን» ብላቸዋለች። እንግዲህ መኪናዋም ትጸዳለች፣ እሳቸውም ይደርሳሉ። ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ጥላዬ ፈጣን መንገድ ይፈራሉ። መርፌው አርባን ሲያልፍ እግራቸው ፍሬኑ ላይ ይተከላል፣ አፋቸው ይደርቃል፣ ውኃ ውኃ ይላሉ። ስለ መኪናዋ ዕረፍት ሦስት ዓመት የተወራው ሁሉ ስለዚህ ነው። ግን መኪና የገዛ ሰው ይኸን ለማን ይናገራል? ለሚስቱማ ጭራሽ አይናገርም። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ አደሩና አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሥተው ሞተሩን አስነሡ።

ወይዘሮ እቴነሽ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

«አልሞቀችም?»

«ትንሽ ይቀራታል።»

አሥር ደቂቃው ሃያ ሆነ፤ ሃያው ሠላሳ።

«ጥላዬ፣ አሁንስ?»

«ትንሽ ብቻ።»

ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ ሆኖ እንደ እሹሩሩ ያጉረመርማል። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ሌሊቱ እንቅልፍ የለውም። ጋሽ ጥላዬ አንድ ጊዜ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ዓለም ተገልብጣለች።

ቆመዋል። የቆሙት መኪናዋ በምትቆምበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ሸራ ለብሰዋል፤ ግንባራቸው ላይ የዘንድሮው ቦሎ ተለጥፏል። በሸራው ቀዳዳ ሲያዩ መኪናዋ በረንዳው ላይ በእሳቸው ወንበር ተቀምጣ፣ የእሳቸውን ነጠላ ጫማ የፊት ጎማዎቿ ላይ አድርጋ ናፍጣ በብርጭቆ ፉት ትላለች።

ጨርሳ ተነሣች። ሸራውን ገለጠችና የግራ ጆሯቸውን ጠመዘዘች። ጋሽ ጥላዬ ሁለት ጊዜ አሳሉና ተነሡ። እዚያው ቆመው አሥር ደቂቃ «እእእእ» አሉ። ከዚያ ጆሯቸው ወደ ኋላ ተጠመዘዘ፤ ዝም አሉ። መኪናዋ መላጣቸውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው።

ከአጥር ወዲያ የጎረቤት መኪና አንገቷን ብቅ አድርጋ «ደግ ሰው ነው ያለሽ፣ ያብረቀርቃል» አለች። «የት የት ትሄጂበታለሽ?»

«የትም። ሰው እኮ ካልተጠቀሙበት ነው የሚቆየው።»

«እውነትሽን ነው። የእኔው እግሩ አለቀ።»

ሸራው መልሶ ወረደ። ከሸራው ሥር ግን ከቦሎው ዝቅ ብሎ ቢጫ ብርሃን በራ። ጋሽ ጥላዬ በእጃቸው ሊሸፍኑት ሞከሩ፤ በጣቶቻቸው መሃል አለፈ።

«ውይ ጉዴ!» አለች መኪናዋ። «ሰውዬው ላይ መብራት በራ!»

ወገባቸውን በገመድ አስራ እየጎተተች ይዛቸው ወጣች።

መንገዱ ላይ መኪኖች ጃንጥላ ይዘው በእግረኛው መሄጃ ይንሸራሸሩ ነበር። ሰዎቹ አስፋልቱን ሞልተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በአፋቸው ጡሩንባ ይነፋሉ፤ ወዴትም አይሄዱም። አደባባዩ ዙሪያ በጎች ሰው ይገዛሉ። አንድ ሙክት የአንድ ባንክ ሠራተኛን ወገብ ጨብጦ ከፍ ዝቅ አደረገውና «ከረባት ነው እንጂ ሥጋ የለውም» ብሎ ጥሎት ሄደ። ሠራተኛው ከረባቱን አስተካክሎ ሌላ ገዢ ጠበቀ።

ትራፊክ ፖሊሱ አህያ ነበር። ፊሽካ ነፍቶ አስቆማቸው።

«ይኼ ሰው የት ድረስ ይሄዳል?»

«እስከ እድሩ ድንኳን» አለች መኪናዋ።

«ሲመለስስ?»

«ሲመለስም ያንኑ ያህል ነው።»

አህያው መጀመሪያ ሣቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ከዚያ እንባውን በጆሮው ጠርጎ አሳለፋቸው።

ጋራዡ ውስጥ ቱታ የለበሰ አንድ አሮጌ ሰማያዊ ሚኒባስ ተቀበላቸው። ሸምሱ ግድግዳው ላይ ከመፍቻዎቹ ጋር ተሰቅሏል።

«ሰላም ነው ጋሼ?» አለ ሸምሱ ከተሰቀለበት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«አለን፣ ተሰቅለን።»

ሚኒባሱ ጋሽ ጥላዬን በክሪክ ከፍ አድርጎ ደረታቸውን አንኳኳ። ድምፁ የተዘጋ ነው። ወደ መኪናዋ ዞረ።

«ምን ትመግቢዋለሽ?»

«ሽሮ።»

«በስንት ማርሽ ነው የምትነጂው?»

«በሁለተኛ። ስሱ እኮ ነው።»

«ጠዋት ጠዋት ታሞቂዋለሽ?»

«አሥር ደቂቃ! አንድ ቀን አጓድዬበት አላውቅም!»

ሚኒባሱና ሸምሱ ተያዩ። ደረታቸው በሁለት ብሎን ብቻ የተያዘ ነበር፤ ሚኒባሱ ፈታቸውና እጁን ከትቶ አንድ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር አወጣ። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ጫፉን ወለሉ ላይ ሲያጋጨው ጥቀርሻው ረገፈ፤ የረገፈው ሁሉ ቃል ነው።

«እህ» አለ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ። «ሆድ ይፍጀው ብሎ ያስቀመጠው ነው። ሆድ ግን አልፈጀውም። ይኸው፣ ‘አለቃዬ፣ ያ ፋይል የጠፋው በአንተ እጅ ነው።’ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ድንጋይ ሆኗል። ‘እቴነሽ፣ ቀሚስሽ አምሮብሻል።’ ይኼ እንኳ አልወጣም? ይኼ ምን ይከብዳል?»

ጋሽ ጥላዬ አፈሩ። ክሪክ ላይ ሆኖ ማፈር ደግሞ ይብሳል፤ ፊትን የሚያዞሩበት ቦታ የለም።

«ሥር ላይ የተጣበቀ አንድ ትልቅ አለ» አለ ሚኒባሱ አጎንብሶ። «‘ፈጣን መንገድ...’»

«አታንብበው!»

ግድግዳው ላይ መፍቻዎቹ እንኳ መወዛወዝ አቆሙ።

ሚኒባሱ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቆርጦ ባዶ ቱቦ መበየድ ነው። ቀላል ነው። ያ ሰውዬ ባለፈው ወር ተቆርጦለታል።»

በጋራዡ በር አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ያልፍ ነበር። ያሰበውን ሁሉ ይለቀዋል። «አፍንጫህ ያስጠላል! እናትሽን ወድጃቸው አላውቅም! ልጄ፣ አንተ እንኳ ሰው አትሆንም!» ከኋላው ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ፊታቸው በጥቀርሻ ጠቁሮ፣ እያሳሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይከተሉታል። ሰውዬው ግን ደረቱ ጠርቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ ሲያዩት ያስቀናል።

ጋሽ ጥላዬ ልጆቹን አዩ።

«እኔን አትቁረጡኝ» አሉ።

«ሁለተኛውስ?» አለች መኪናዋ።

«ፈጣን መንገድ ታወጪዋለሽ። ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆም ይሮጣል። ከሠላሳዋ አንድ ብትጎድል እንዳልሮጠ ነው።»

ጉድ ፈላ። ወዲያው ፈጣኑ መንገድ መግቢያ ላይ ነበሩ። ዶሮ ቲኬት ቆርጣ ሰጠቻቸው። መኪናዋ በአንቀልባ ጀርባቸው ላይ ታዝላለች፤ መኪናዋ ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ እቴነሽ ቀበቷቸውን አስረው፣ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳሉ አልታወቀም።

«ሞቀ?» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ።

«ሞቋል» አለች መኪናዋ። «በል፣ ሂድ!»

ጋሽ ጥላዬ ሮጡ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። አርባ ላይ ፈሩ። በሕልም ነውና አልፈራም የሚል ካለ እሱ ሕልም አይቶ አያውቅም። አፋቸው ደረቀ፣ እግራቸው የሌለ ፍሬን ፈለገ። ፍሬኑ ግን ሰው ላይ አልተገጠመም። ስልሳ፣ ሰማንያ። ከጎናቸው ሌሎች ሰዎች የጭነት መኪና አዝለው ሽው እያሉ ያልፏቸዋል።

አሥረኛው ደቂቃ ላይ ጉሮሯቸው ጋለ። ሳያስቡት አፋቸው ተከፈተና «የእድሩ ወጥ ጨው በዝቶበት ነበር!» የሚል ነጭ እንፋሎት ወጣ። ደረታቸው በጥቂቱ ቀለለ። ጥሩ ነበር፤ እግራቸውን ጨመሩ።

«ለሽኝቴ የሰጣችሁኝ ሰዓት አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም!»

«አለቃዬ፣ ፋይሉን የጣልከው አንተ ነህ! እኔ ነበርኩ የተቀጣሁት!»

ሃያኛው ደቂቃ አለፈ። ቢሾፍቱ በቀኝ በኩል ጭንቅላቷን ወደ ሐይቁ ዘቅዝቃ ፀጉሯን ትታጠብ ነበር። ጋሽ ጥላዬ ልብ ብለው አላዩአትም፤ ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሌላ ነገር መጣባቸው።

«እቴነሽ! ቀሚስሽ አምሮብሽ ነበር!»

«የትኛው?» የሚል ድምፅ ከጀርባቸው መጣ።

«አረንጓዴው! የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ላይ የለበስሽው!»

«እሱማ ከተቀደደ ስንት ዘመኑ!» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ። ድምፃቸው ግን ለስለስ ብሎ ነበር። «ያኔ ነበር መናገር» ብለውም ጨመሩ።

ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። ከሥር የተጣበቀው ትልቁ ነገር ተላቀቀ። ሲላቀቅ ተሰማቸው፤ ከእምብርታቸው ተነሥቶ፣ እየጋለ፣ የጎድን አጥንታቸውን እየገፋ ወደ ላይ መጣ። ደረታቸው ቀላ። በጆሯቸው ኃይለኛ ነፋስ መጮህ ጀመረ። የመቃጠል ሽታ አየሩን ሞላው። ጋሽ ጥላዬ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ሁሉም ያልቃል፣ እቴነሽም ታውቃለች፣ እሳቸውም ይገላገላሉ።

«እቴነሽ» አሉ፣ «እኔ እኮ...»

«ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ መኪናዋ ጮኸች። «ሰውዬው ተቃጠለ! ይጥፋ! አሁኑኑ ይጥፋ!»

«ሁለት ደቂቃ ነው የቀረኝ! አታጥፊኝ!»

«ዝም በል! ለአንተው ብዬ ነው።»

የግራ ጆሯቸው ተጠመዘዘ። ጋሽ ጥላዬ ጠፉ። ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ እንደደረሰ ቀዘቀዘ፣ ቀዝቅዞም ወደ ሥር ተመለሰ። ሸራው ከግንባራቸው ጀምሮ እስከ እግራቸው ወረደ። ገመዱ በሆዳቸው ዙሪያ ሲሳብ፣ ሲቋጠር ሰሙ።

«ይረፍ» አለች መኪናዋ።

ጋሽ ጥላዬ ነቁ።

ጨለማ ነው። ዐይናቸውን አሹ፤ ጨለማው አልሄደም፣ ወደ አረንጓዴነት ብቻ አደላ። መሪው እጃቸው ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። በቁልፉ ቦታ ቁልፍ የለም። የፊቱ መስታወት፣ የጎኑ፣ የኋላው፣ ሁሉም ሸራ ነው። ይኼኛው ሸራ ደግሞ የሕልም አይደለም፤ በቀኙ በኩል ያለውን መጣፊያ ጨርቅ በገዛ እጃቸው የሰፉት እሳቸው ናቸው።

በሩን ገፉት። ሁለት ጣት ያህል ተከፈተና ያዘው። ገመዱ ነው። ነፋስ እንዳይገልጠው ከሥር አዙሮ ሁለት ጊዜ መቋጠር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መክተት። አቋጠሩን ለወይዘሮ እቴነሽ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። በደንብ ተምረዋል።

ስልካቸው ጮኸ። አራት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይላል።

«ነቃህ?» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ።

«እቴነሽ! የት ነሽ?»

«አዳማ። እህቴ አጠገብ። በአውቶቡስ መጣሁ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነው።»

«ምነው ሳትቀሰቅሺኝ?»

«ቀሰቀስኩህ እንጂ! ዐይንህን ሳትገልጥ ‘ትንሽ ይቀራታል’ አልከኝ። ከዚያ ማራገቢያው ጮኸ፣ የመቃጠል ሽታም መጣ። እንዳሳየኸኝ ወዲያው አጠፋኋት። አቧራ እንዳይነካችሁ ደግሞ ሸራውን አለበስኳችሁ። መስታወቱን ዝቅ አድርጌልሃለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ጋሽ ጥላዬ የጠፋውን ዳሽቦርድ አዩት። አሁን ሞተሯ ቢነሣ የሚበራው በየትኛው ቀለም እንደሆነ ያውቁታል። ከስልኩ ወዲያ የእትዬ ውድነሽ ድምፅ ተሰማ።

«ጥላዬ ነው? መኪናዋን ይዞ መጣ? እሷንም ልያት እንጂ!»

«እሷማ አርፋለች» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ።

የጋሽ ጥላዬ ደረት ጋለ። ይኼኛው ሕልም አልነበረም። ትልቁ ነገር ከሥር ተላቀቀ፣ ተነሣ፣ ጉሮሯቸው ጋ ደረሰ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«እቴነሽ» አሉ፣ «እኔ እኮ...»

«ፋሻው እየተፈታ ነው፣ ጥላዬ። ማታ ስመጣ አስነሣሃለሁ። እስከዚያ እረፍ።»

ስልኩ ተዘጋ።